ግድቡ አለቀ፤ የመብራት ሂሳቡስ ለምን ጨመረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ መብራት ናቸው። አንዱ ስለ ዋጋው፣ አንዱ ስለ መቆራረጡ፣ አንዱ ደግሞ ኃይላችን ለማን እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ሥራ ሳይበታተንብን በአንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ቦንድ ገዝቻለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ሥራ ቀርቼ በቴሌቪዥን ተከታትያለሁ፤ ማልቀሴንም አልደብቅም። አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ግን የመብራት ሂሳባቸው በየሦስት ወሩ እንደሚጨምር ይነግሩኛል። ውኃው የእኛ፣ ግድቡ የእኛ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከውጭ እንደሚመጣ ሸቀጥ የሚወደደው ለምንድን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ውኃው በእርግጥ አይገዛም። ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክን ዋጋ የሚወስነው ግን ውኃው ሳይሆን ኮንክሪቱ፣ ተርባይኑ፣ ትራንስፎርመሩ፣ በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ሽቦና ይህ ሁሉ የተሠራበት ብድር ነው። በናፍጣ የሚያመነጭ አገር ወጪውን በየቀኑ ነዳጅ ሲገዛ ይከፍላል፤ በውኃ የሚያመነጭ አገር ግን ገና አንድ አምፖል ሳይበራለት የብዙ አሥርት ዓመታቱን ወጪ በአንድ ጊዜ አውጥቶ ቀሪውን ዘመን ዕዳ ሲከፍል ይኖራል። አገራችን ከዚህ ነፃ የሆነ ማመንጫ ያገኘችው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተገነቡት አብዛኞቹ ባለዕዳ ናቸው።

የገዙት ቦንድም ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው። ከነወለዱ ሊመለስልዎ የሚገባ ገንዘብ ስለሆነ እርስዎ ራስዎ ከአበዳሪዎቹ አንዱ ነዎት። ከዚህም በላይ፣ ሕዝቡ በቦንድና በስጦታ ያዋጣው ገንዘብ ለአገር ያለው ክብር ትልቅ ቢሆንም ከግንባታው ወጪ አንፃር አነስተኛ ድርሻ ነው፤ ሸክሙን በዋናነት የተሸከመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበር። የመንግሥት የኃይል አመንጪው ድርጅት ዕዳ ከመክበዱ የተነሣ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የሚባል ተቋም አቋቁሞ የእሱንና የሌሎች የልማት ድርጅቶችን የባንክ ዕዳ ወደዚያ አዘዋውሯል። ዕዳው በዚህ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ በታሪፍ ካልተከፈለ በግብር፣ በግብር ካልተከፈለ በዋጋ ንረት መከፈሉ አይቀርም።

እስካሁን የተናገርኩት ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው። የእናትዎን ሂሳብ ለመረዳት ከግድቡ ይልቅ የብርን ምንዛሪ መከተል ይጠቅማል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፈጽሞ አልተነካም ነበር። በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) በላይ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍተኛው ዋጋ 69 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. አንድ ዶላር 8 ብር ከ70 ሳንቲም አካባቢ ይመነዘር ስለነበር ይህ ወደ 8 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠጋ ነበር። ታሪፉ እንዳለ ቆሞ ዶላር 28 ብር ሲገባ ያው 69 ሳንቲም ወደ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ተኩል ወረደ። መንግሥት ይህን አይቶ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ የሚጨመር አዲስ ታሪፍ አወጣ፤ በመጨረሻው ዓመት ከፍተኛው እርከን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ፤ በጊዜው ምንዛሪ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ 100 ብርን ተሻገረ፤ ያ አራት ዓመት የፈጀ ጭማሪም እንደገና ወደ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ከሩብ ገደማ ተመለሰ። ደንበኛው አራት ዓመት ሙሉ ጨምሮ ከፍሎ፣ ሻጩ ግን በዶላር ሲቆጠር ከተነሣበት ዝቅ ብሎ ተገኘ ማለት ነው።

በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጀመረውና በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቀው ታሪፍ ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ በሁለተኛው ወር መምጣቱ በአጋጣሚ አይደለም። ተርባይኑም፣ የመለዋወጫ ዕቃውም፣ የውጭ ብድሩም የሚከፈሉት በዶላር ስለሆነ ታሪፉ ብርን ተከትሎ መሮጥ ነበረበት። እናትዎ የሚከፍሉት ጭማሪ ከግድቡ ይልቅ የዶላሩ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ግድቡ ሳይሠራ ቢቀር ኖሮ ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ያውም የሚከፈልበት ኃይል ሳይኖር።

አንድ ነገር ልጨምር። በምረቃው ዕለት በተደጋጋሚ የተነገረው 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የተተከለው አቅም እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚወጣው ኃይል አይደለም። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ወደ 15 ሺህ 700 ጊጋዋት ሰዓት ሲሆን፣ ይህ በዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 1 ሺህ 800 ሜጋዋት ያህል ይሆናል። ትልቅ ኃይል ነው፤ ነገር ግን ዕዳን በአንድ ሌሊት የሚያቀልል አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ግቢ አምስት አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። አከራያችን ሂሳቡን በአምፖልና በምጣድ ቁጥር ያካፍሉናል። እኔ አንድ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና በሳምንት ሁለት ቀን የማሞቀው ምጣድ ብቻ ነው ያለኝ። ለድሃ ድጎማ አለ ሲባል እሰማለሁ፤ ለእኔ የማይደርሰኝ ለምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ፣ ተከራይ)

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር፣ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ባለሥልጣናቱ ፊት ሊቀርብ የሚገባው ይህ የእርስዎ ነው። ታሪፉ በእርከን የተሠራ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በዝቅተኛ ዋጋ፣ ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድሃ ጥቂት ይጠቀማል፣ ባለጸጋ ብዙ ይጠቀማል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ግምቱ የተሠራው ግን አንድ ቆጣሪ አንድ ቤተሰብ ነው ብሎ ነው። ቆጣሪው ከጀርባው አንድ ቪላ ይኑር ወይም አምስት ክፍል የጭቃ ቤት አያውቅም፤ የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የቤት ምጣድ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ከማሞቂያው ጀምሮ የመጨረሻው እንጀራ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲጋገር በወር ስልሳ ገደማ ነው። የአምፖሉና የቴሌቪዥኑ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ በተቀመጠው ርካሽ ዋጋ፣ እንጀራ ጋግሮ መኖር እንደማይቻል ከዚህ ይታያል። ይህ እርከን በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ እንኳ ሳይነካ 27 ሳንቲም ላይ ቀርቶ ነበር፤ ተጠቃሚው ግን አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ያለው ቤት ነው። ታሪፉን ያሰሉት ሰዎች ምጣድ መኖሩን ዘንግተውት ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ምናልባት እነሱም ቤት ሌላ ሰው ይጋግራል።

አሁን አምስቱን ቤት እንደምር። እያንዳንዳችሁ 60 ኪሎዋት ሰዓት ብትጠቀሙ፣ በየራሳችሁ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ከ51 እስከ 100 ባለው እርከን ላይ ትቆሙ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 300 ይሆንና ከ201 እስከ 300 ወዳለው እርከን ትወጣላችሁ። በ2011ዱ ታሪፍ የመጨረሻ ዓመት ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን ዋጋ 77 ሳንቲም ሲሆን ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር ነበር። ዛሬ ቁጥሮቹ ከፍ ብለዋል፤ በእርከኖቹ መካከል ያለው ደረጃ ግን እንዳለ ነው። በአምስት ድሆች አንድ ባለጸጋ ተፈጠረ፤ ሂሳቡም ለዚያ ለሌለው ባለጸጋ ተጽፎ ይመጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል? የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ዋናው መፍትሔ ቢሆንም ማመልከቻው በባለንብረቱ በኩል ስለሚያልፍ አከራይዎን ማሳመን ይጠይቃል፤ አከራዩ ደግሞ የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ ብዙ ጊዜ አይቸኩልም። ሁለተኛው፣ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ በየቤቱ ትንሽ የግል መለኪያ ማስገጠም ነው። ይህ እርከኑን አይቀንስላችሁም፤ «የማን ምጣድ ነው የበላው?» የሚለውን ክርክር ግን ያስቀራል። በአምፖል ቁጥር ማካፈል ከሁሉ የከፋው ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ አምፖል ያላት እንጀራ ጋጋሪ ነጋዴ እና አምስት አምፖል ያለው ጡረተኛ ቢኖሩ ጡረተኛው የነጋዴዋን ሂሳብ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ። መብራት በሳምንት ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ሲመጣም ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ሞተር ያቃጥላል። ዋጋው ሲጨምር ግን አንድም ቀን አልተቆራረጠም! ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ቴሌ እንኳ ደንበኛ ማባበል ጀምሯል። ለመብራትስ ተፎካካሪ የማይመጣው ለምንድን ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ስለ ጭማሪው አለመቆራረጥ የጻፉትን ቢሯችን ውስጥ ጮክ ብለን አንብበነዋል። ቁም ነገሩን ልመልስ።

ስልክ በአየር ይሄዳል፤ ሁለተኛ ኩባንያ ሁለተኛ ማማ ቢተክል ማንንም አይከለክልም። መብራት ግን ሽቦ ይፈልጋል፤ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ኩባንያ ሁለት ረድፍ ምሰሶ ተክሎ ለአንድ ወፍጮ ቤት ይፎካከር ማለት ወጪውን በእጥፍ ማሳደግ ስለሆነ በዓለም ላይ እምብዛም አይደረግም። ስለዚህ «የኤሌክትሪክ ገበያ» ሲባል ነገሩ በሦስት ይከፈላል። ኃይል ማመንጨት ለፉክክር ሊከፈት ይችላል፤ በከፍተኛ መስመር ማስተላለፍና ወደ ቤት ማከፋፈል ግን በአንድ እጅ ሆነው ተቆጣጣሪ ይቆምባቸዋል።

በእኛ አገር የዚህ ጅምር አለ። በ1948 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ የተቋቋመውና ሰዉ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። ኃይል የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለውና ሂሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እህትና ወንድም ዕቃ ሲሸጡ ገበያ ሊባል አይችልም፤ ሂሳቡ ግን ቢያንስ በሁለት ደብተር ተለይቶ እንዲጻፍ አድርጓል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ወጥቶ የግል ባለሀብት አመንጭቶ ለመንግሥት እንዲሸጥ በር ተከፈተ።

በዚያ በር ለመግባት የሞከረው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የሆነውን ሁሉ ያሳያል። በሶማሌ ክልል ጋድና በአፋር ክልል ዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች በጨረታ ቀርበው የሳዑዲው አክዋ ፓወር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ሰጥቶ አሸነፈ። በወቅቱ በአፍሪካ ከተሰጡት ዋጋዎች እጅግ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ስለነበር በጋዜጦች ተወራለት። ጣቢያዎቹ ግን ሳይገነቡ ቀሩ። በርካሽ ፀሐይም ቢሆን ባለሀብቱ ክፍያውን በዶላር ይፈልጋል፤ ሂሳቡን በብር የሚሰበስብ ድርጅት ደግሞ ዶላሩን ከየት ያመጣል? የኮርቤቲ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይልም የግዢ ስምምነቱ መጀመሪያ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ኃይል ማመንጨት አልደረሰም። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ለግል አመንጪ እንቅፋት የሆነው የሕግ እጥረት ሳይሆን የዶላር ኪሳራውን ማን ይሸከመው የሚለው ጥያቄ መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያገኘነው ዶላር እዚህም በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀን።

ጎረቤቶቻችን ይህን ጥያቄ መልሰውታል፤ መልሱን ግን ደንበኛው አልወደደውም። ኬንያ ለግል አመንጪዎች ቀድማ በሯን ከፍታለች፤ ስምምነቶቹ በዶላር ሆነው፣ ኃይሉ ተወሰደም አልተወሰደም ለተተከለው አቅም የሚከፈልባቸው ናቸው። በዚህ የተነሣ የኬንያ ደንበኛ ከእኛ ደንበኛ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ2021 ስምምነቶቹን የሚመረምር ግብረ ኃይል አቋቁመው ዋጋው በሠላሳ በመቶ እንደሚቀንስ ተነገረ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የመጀመሪያው አሥራ አምስት በመቶ ቀነሰ፤ ሁለተኛው አሥራ አምስት ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ከምርጫው በኋላ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። የኡጋንዳው ደግሞ በማከፋፈሉ በኩል ነው፤ ኡሜሜ የተባለ የግል ኩባንያ ለሃያ ዓመት ሽቦውንና ደንበኛውን ይዞ ከሠራ በኋላ ውሉ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ አብቅቶ ሥራው ለመንግሥት ተመለሰ፤ ሲለያዩም ስለሚከፈለው ካሣ ተጣልተው ነው የተለያዩት።

ለወፍጮ ቤትዎ የሚጠቅም ነገር ያለበት ግን ናይጄሪያ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ የናይጄሪያ መብራት ለምሳሌነት የማይመረጥ ቢሆን። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ማከፋፈያዎቿን ለግል ኩባንያዎች ሸጠች፤ ኩባንያዎቹ ገንዘብ አጠራቸው፣ ሽቦው አረጀ፣ ዋና መስመሩ በተደጋጋሚ ወደቀ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ላይ ግን ተቆጣጣሪው አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ደንበኞችን በሚያገኙት የሰዓት ብዛት መድቦ፣ በቀን ቢያንስ 20 ሰዓት መብራት የሚያገኘው የመጀመሪያው ምድብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ68 ናይራ ወደ 225 ናይራ እንዲከፍል ፈቀደ፤ ሰዓቱ ሳይሟላ ከቀረ ደንበኛው ያንን ዋጋ እንዳይከፍል ደነገገ። ጭማሪው እጅግ ከባድ ነበር፣ ሠራተኛ ማኅበራቱም ተቃውመውታል፣ አፈጻጸሙም ብዙ ክርክር አለበት። ሐሳቡ ግን ቀጥተኛ ነው፤ ሃያ ሰዓት ያልሰጠኸኝን ሃያ ሰዓት እንደሰጠኸኝ አድርገህ አታስከፍለኝ የሚል ነው። በእኛ የአራት ዓመት የታሪፍ መርሐ ግብር ውስጥ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ የሚወጣበት ቀን በግልጽ ተቀምጧል፤ የመቆራረጡ ሰዓት በየሩብ ዓመቱ የሚወርድበት ግን ከዋጋው ጋር ታስሮ አልተቀመጠም። እኔ ተፎካካሪ ከመጠበቅ ይልቅ ይህን አንዱን ነገር ብንጠይቅ እመርጣለሁ። የታሪፉን መጨመር ራሱን አልቃወምም፤ ከላይ ያየነው ስሌት አያስቃውምም። ግን ዋጋ የሚስተካከለው ለሚመጣ ዕቃ ነው።

መብራቱ የሚጠፋውም በአብዛኛው ኃይል ጠፍቶ አይደለም። በክረምት ግድቦቹ ሞልተው ሳለ ሰፈር የሚጨልመው የማከፋፈያው ሽቦና ትራንስፎርመር ለጥቂት ቤት ታስቦ ተተክሎ ሳለ ብዙ ቤት ስለተቀጠለበት፣ ምሰሶው ስለበሰበሰ፣ ነፋስ ሽቦን ከሽቦ ስለሚያጋጭ ነው። ከሚመነጨው ኃይል ከአምስት እጅ አንድ ያህሉ በመንገድ ላይ የሚባክነውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። ለአሥርት ዓመታት ገንዘቡ የሄደው ወደ ማመንጫ ነበር፤ ማመንጫ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። የትራንስፎርመር ለውጥ ሪባን የለውም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የትውልድ መንደሬ እስከ ዛሬ መብራት አልገባም። ለኬንያ እንሸጣለን፣ ለቢትኮይን ቆፋሪዎች እንሸጣለን። ሕዝቡ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ለኮምፒውተር መብራት መሸጥ ፍትሕ ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ ቁጣህን እረዳለሁ፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። ሁለቱን ገዢዎች ግን ለያይተን እንያቸው።

የኬንያው ሽያጭ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ በተዘረጋው 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር መስመር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ተጀመረ። ስምምነቱ ለ25 ዓመት ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋዋት ነው፤ ዋጋው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህ ዋጋ ሁለቱንም ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ፤ ኬንያ ከራሷ የነዳጅ ማመንጫዎች በርካሽ ታገኛለች፣ እኛም አገር ውስጥ ከምንሸጥበት በላይ፣ ያውም በዶላር እናገኛለን። ለጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መሸጣችንንም አትርሳ። ለኬንያ ባይሸጥ ኃይሉ ወደ መንደርህ አይሄድም ነበር፤ ወደ መንደርህ የሚያደርሰው ሽቦ የለምና። በተቃራኒው፣ ያንን ሽቦ ለመግዛት የሚያስፈልገው ዶላር ከእንዲህ ያለው ሽያጭ ሊመጣ ይችላል። «ሊመጣ ይችላል» ያልኩት አስቤበት ነው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለገጠር መስመር ይዋል የሚል ሕግ የለም።

ደግሞም ሽያጭ ሁልጊዜ የሚያዋጣ አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ጎድሎ 476 ሜጋዋት እጥረት በተፈጠረ ጊዜ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሄደውም ተቋርጦ ነበር። በውኃ ላይ የቆመ ሻጭ በድርቅ ጊዜ ውል ማክበር ይከብደዋል፤ የ25 ዓመቱ ውልም አንድ ቀን በዚህ መፈተኑ አይቀርም።

የቢትኮይኑ ነገር የተለየ ነው። ቆፋሪዎቹ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱት፣ ትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ሥር ኮንቴይነር ይደረድሩና ሌት ተቀን ሳያቋርጡ ይስባሉ፤ የማከፋፈያ ሽቦ አይፈልጉም፣ ቆጣሪ አንባቢ አያስቸግሩም፣ የሚከፍሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። ለሻጩ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም። ይከፍሉት የነበረው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት ያለፈ ነው። ብር ከመዳከሙ በፊት ይህ ብዙ ከሚጠቀም የአዲስ አበባ ቤት ያነሰ፣ ከተዳከመ በኋላ ደግሞ ለጥቂት ወራት የበለጠ ነበር። ስለዚህ «በነፃ ተሰጣቸው» የሚለው ክስ ልክ አይደለም፤ ኬንያ ከምትከፍለው ግማሽ መሆኑ ግን ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዋጋው ይልቅ የሥራው ጠባይ ነው። ኬንያ ላይ መስመር ተዘርግቷል፤ ገዢው ነገ ጥሎ አይሄድም። ኮንቴይነር ግን በጭነት መኪና ይነሣል፤ ዋጋ ሲጨመርበት ወይም የቢትኮይን ዋጋ ሲወርድ ወደ ሌላ አገር ይነዳል። ሥራ የሚሰጠውም ለጥቂት ጥበቃና ቴክኒሻን ነው። ያን ያህል ሜጋዋት ለጨርቃ ጨርቅ ወይም ለብረት ፋብሪካ ቢሰጥ ኖሮ ስንት ሰው ይቀጠር እንደነበር ማስላት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ከሆንክ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስ ነው። ኃይል አመንጪው ራሱም በኋላ ለአዲስ ቆፋሪዎች ፈቃድ መስጠት አቁሟል።

የመንደርህን በተመለከተ፣ መስመሩ በአጠገባችሁ የሚያልፍ ከሆነ ትራንስፎርመር መጠየቅ የሚገባችሁ በወረዳው አስተዳደር በኩል ነው፤ መስመሩ ሩቅ ከሆነ ግን ፀሐይ ይቀድማል። አምፖል፣ ስልክና ቴሌቪዥን ያበራል፤ ምጣድ ግን አያሞቅም።

ጥያቄ፦ ታሪፉን የሚወስነው ማን ነው? ጭማሪውስ መቼ ያቆማል? (ከጎንደር፣ ጡረተኛ መምህር)

መልስ፦ ሻጩ ድርጅት ያቀርባል፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን መርምሮ አስተያየት ይሰጣል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ሻጩም መርማሪውም አጽዳቂውም የአንድ መንግሥት ስለሆኑ ከመካከላቸው «ይህ በዛ» ብሎ በአደባባይ የሚከራከር አላየንም። አሁን ያለው መርሐ ግብር አራት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ከፈለጉ፣ የታሪፉን ሠንጠረዥ ትተው የባንክ ቤቱን የምንዛሪ ሰሌዳ ይመልከቱ።

እስከዚያው ግን የሚመጣውን ሂሳብ ሲከፍሉ ከብሩ ድምር በፊት የኪሎዋት ሰዓቱን ቁጥር ካለፈው ወር ጋር ያስተያዩት። ቁጥሩ ካልጨመረ ያደገው ታሪፉ ነው፤ ከጨመረ ግን ምጣዱን፣ ወይም ከቆጣሪዎ የቀጠለውን ጎረቤት ይጠይቁ።